በሕግ አምላክ! ዳይሱ ገና አልቆመም

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ሰው ስለ ርስቱ ይናደዳል፣ ስለ ደመወዙ ይናደዳል፣ ጎረቤቱ መኪናውን በሩ ላይ ስላቆመበት ይናደዳል። እኔ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ወረቀት ላይ በእርሳስ ስለ ተጻፉ አንድ ሰው እየተናደድኩ እኖራለሁ። ሰውዬው ቀኝ አዝማች ጎበዜ ይባላሉ። ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ተንከባክቤ ያሳደግኋቸው ሰው ነበሩ። ፊታውራሪ ሊሆኑ አንድ ቅዳሜ ሲቀራቸው ያለ አግባብ ተገደሉብኝ። ጭራቅ ገደላቸው ተብሎ ይወራል፤ ውሸት ነው። የገደሏቸው ጋሼ ተሰማ ናቸው።

አትሳቁ። ሟች በምን እንደ ሞተ ሳይጠይቁ መሳቅ ደግ አይደለም።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ ውስጥ ነው፣ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የኛ ሰው ምግብ ቤት ገና በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ። ግን ወደ ጭራቁ ከመሄዴ በፊት ስለ በሽታዬ ልንገራችሁ፤ ሳታውቁት ፍርዱ ይጣመምብኛል። በሽታዬ መልስ ይዘገይብኛል። ያስያዘኝ አባቴ ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ የገባሁ እንደሆነ ጭኔን በቁንጥጫ ያነድደው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲናገረኝ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ፤ ሲጨርስ ትንፋሽ እስኪወስድ እጠብቃለሁ፤ ትንፋሽ ሲወስድ የሚጨምረው ይኖር ይሆን ብዬ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ሰውዬው ሄዷል። የምሠራበት ፓርኪንግ አለቃዬ አንድ ቀን ሰው ፊት «ቆመህ ነው የምትተኛው?» አለኝ። ግሩም የሆነው መልስ የመጣልኝ ፒኮ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ውስጥ ነው። መጣና ጮክ ብዬ ተናገርኩት፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ጨዋታው። ጨዋታውን ያመጣችብን ሰናይት ናት። ሰናይት ያኔ ግሌንዴል አንድ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ስልክ ታነሳ ነበር። ልጅ ሆና ነው አሜሪካ የመጣችው፤ አንቱ የሚባል ነገር አውሮፕላኑ ውስጥ ረስታው የወረደች ናት። አንድ ቀን ያርድ ሴል ላይ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ አውጥቶ በሚሸጥበት፣ ሳጥን አገኘች። ሳጥኑ ውስጥ ወፍራም መጽሐፍና ዳይስ አለ፤ እንደምናውቀው ባለ ስድስት ፊት አይደለም፣ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ። ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ይተርካል፤ ዋሻ ገባችሁ፣ ዘንዶ መጣባችሁ ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ወረቀት ላይ የጻፉት አንድ ጀግና አላቸው፤ ጀግናዬ እንዲህ ያደርጋል ይላሉ። ቻለ አልቻለም የሚለውን ዳይሱ ይወስናል፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ይሳካለታል፣ ከሃያ በላይ የለም። ያው ነው። አዋቂ ሰው ለዚህ ቅዳሜውን ይሰጣል ብሎ የነገረኝ ቢኖር እኔም እስቅ ነበር።

ተራኪ ማን ይሁን ሲባል፣ ጋሼ ተሰማ ይሁኑ ተባለ። ጋሼ ተሰማ አገር ቤት የአውራጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ሎስ አንጀለስ ከኔ ጋር አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ይቆርጣሉ። ያንን መጽሐፍ የቲኬቷ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው፣ መዝገበ ቃላት በግራ፣ ማስመሪያ በቀኝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀይ እርሳስ እያሰመሩ አነበቡት። መውጫው ላይ መኪና ተደርድሮ ጡሩምባ ሲያንባርቅ «አንድ ጊዜ ይታገሱ፣ አንቀጽ ላይ ነኝ» ይላሉ። አንብበው ሲጨርሱ ጨዋታው ችሎት ሆኖ አረፈው። መጽሐፉ «ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት» የሚለውን ሰርዘው ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኝ አዝማች፣ ፊታውራሪ አሉት። የኔ ጀግና ጎበዜ ከተራ ወታደርነት ተነሥተው ነው ቀኝ አዝማች የሆኑት። በጉቦ አይደለም፤ በደማቸው ነው።

የምንጫወተው እትዬ በላይነሽ ምግብ ቤት ነው፣ የምሳ ሰው ወጥቶ የእራት ሰው እስኪገባ። እትዬ በላይነሽም ወጡን እያማሰሉ ይጫወታሉ። መጀመሪያ ሰናይት ጠንቋይ ሁኚ ብትላቸው «ክርስቲያን ነኝ!» ብለው ማማሰያውን አነሱባት። ጦረኛስ? «እግሬን ያመኛል።» በመጨረሻ ጋሼ ተሰማ፣ በዘንዶው ዋሻ ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው ብለው መዘገቧቸው። እውነቴን ነው። ስምንት ወር ዋሻ ለዋሻ ስንንከራተት ምግብ ቤቱም አብሮን ይዞር ነበር።

እንግዲህ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ጠላት ሲሰነዝርብህ በጋሻ መመከት ትችላለህ። ግን በሰዓቱ መናገር አለብህ፤ ከሰነዘረ በኋላ፣ ጉዳቱ ከመነገሩ በፊት። ከዚያ ካለፈ ጋሻ ብትይዝም ባትይዝም ተመትተሃል። ይህች ክፍተት ለጤነኛ ሰው ትበቃለች። ጋሼ ተሰማ ግን ሲተርኩ አይተነፍሱም። «ጭራቁም ከዋሻው ወጥቶ ዶማ የሚያህል ጥፍሩን አንሥቶ የተከሳሽን፣ ይቅርታ የግራዝማች ጎበዜን ግራ ትከሻ መትቶ አምስት ነጥብ ጉዳት አድርሶባቸዋልና ይመዝገብ!» ይላሉ። እኔ ትንፋሽ እስኪወስዱ አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ትንፋሽ የሚወስዱት «ይመዝገብ» ካሉ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ልመክት ነበር...»

«ነበር? ነበር ለታሪክ ነው ልጄ። ቀጥሎ ያለው!»

እትዬ በላይነሽ ግን አይመቱም። ጋሼ ገና «ጭራቁም» ሲሉ ከወጥ ቤት «ቆይ ቆይ ቆይ! ምን አባቱንስ! እኔ ከባንኮኒው ሥር ገብቻለሁ!» ብለው ይጮኻሉ። ጋሼም ይጽፉላቸዋል። ሰናይትም ያው ናት፤ «ኦኬ ጋሼ፣ ስቶፕ አድርገው፣ አንተ ቶሎ ቶሎ ታወራለህ» ትላቸዋለች። ዳኛውን! አንተ ብላ! እሳቸውም ይስቃሉ። ስድ የሆኑት ሁለቱ ጭረት ሳይነካቸው፣ ጨዋው እኔ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስደማ። ጨዋነት ያስገድላል ብሎ አባቴ አልነገረኝም።

አንጀቴ ሲያርር ማመልከቻ ጻፍኩ። አዎ፣ ማመልከቻ፤ «ለክቡር ዳኛ» ብዬ፣ ቀን ጽፌ፣ ፈርሜ። ጋሼ ተሰማ ማመልከቻ ካዩ ስንት ዓመታቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንድ ሳምንት መረመሩት። በሳምንቱ ተነሥተው ቆመው ውሳኔ አነበቡ።

«ከዛሬ ጀምሮ መመከት የፈለገ ሰው፣ ዳይሱ ተወርውሮ ሳይቆም በሕግ አምላክ ይበል። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ ጭራቅም ይሁን ዳኛ፣ ባለበት ይቆማል። ያስቆመው ሰው ቀጥል ብሎ ካልፈታው በቀር አይንቀሳቀስም፣ አይናገርም። ዳይሱ ከቆመ በኋላ ግን ሺህ ጊዜ ቢጮኹ ዋጋ የለውም።»

በሕግ አምላክ! ይህን ሕግ ያወጣ ሰው ምግብ ቤት ውስጥ መሆኑን ረስቷል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰናይት ጉሮሮዋን ከፍታ «በሕግ አምላክ!» ስትል ቤቱ ውስጥ ከምሳ የቀረው ሐበሻ ሁሉ ክው ብሎ ቀረ። የገበሬ ልጅ፣ የከተማ ልጅ፣ የተማረ፣ ያልተማረ አይል፤ ይህን ቃል ሰምቶ እግሩን የሚያነሣ ሰው የለንም። አንዱ የጠቀለለውን ጉርሻ አፉ ደጅ ላይ ይዞ ቀረ። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ፈረንጆች ዘረፋ መስሏቸው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። አንድ የታክሲ ሾፌር ሻዩን ይዞ ወደ በሩ ሲሄድ ነው የደረሰበት፤ ባለበት ቆመ። እኛ ሰናይት ጭራቁን ስትፈታው ሁሉም የተፈታ መስሎን ጨዋታችንን ቀጠልን። ሦስት ዙር ተጫውተን እትዬ በላይነሽ ቀና ቢሉ ሰውዬው እንደ ቆመ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?»

«ማን ፈታኝ?» አለ። ሻዩ በረዶ ሆኗል፣ ታክሲው ላይ የቅጣት ቲኬት ተለጥፎበታል። ቀጥል ተባለና ሄደ። ሕግ አክባሪነት እንዲህ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ሾፌር ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አልነግራችሁም። በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ዳይሱ ከጠረጴዛ ወድቆ ማቀዝቀዣው ሥር ገባ። እትዬ በላይነሽ ደረታቸውን ነፍተው «በሕግ አምላክ! አላየነውም፤ ያላየነው ዳይስ አልቆመም!» አሉ። ጋሼ ተሰማ መጽሐፉን ገለጡ፤ ስለ ማቀዝቀዣ የሚል አንቀጽ የለም። ዳይሱ እስኪገኝ ጭራቁ እጁን እንዳነሣ፣ እኔ ማቀዝቀዣ ስገፋ፣ ወገቤ ሲንቋቋ ዋልን። ተገፍቶ ሲታይ ዳይሱ ከአንድ የደረቀ ሎሚ አጠገብ ቆሟል። «አሁን ነው የቆመው» አሉ እትዬ፤ ተመዘገበላቸው።

እኔስ? ሕጉ የወጣው በኔ ማመልከቻ ነው። እኔን ግን አንድ ቀንም አልጠቀመኝም። ትልቅ ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ በሕግ አምላክ ማለት ከየት ይምጣልኝ? አንዴ እንደ ተማሪ ጣቴን አወጣሁ። ጋሼ ተሰማ «መጸዳጃ ቤቱ በግራ በኩል ነው» አሉኝ።

ሰናይት ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ ትመታኛለች። ስለ ጭራቁ ብቻ አልነበረም። እኔና ሰናይት ተስማምተናል፤ ልንጋባ ነው። እሷ የምትኖረው ግሌንዴል አጎቷ ዘንድ ነው፣ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አቶ ይልማ ይባላሉ። እኔን አይተውኝ አያውቁም፤ ስለኔ ሰምተው የጠየቁት ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ «ልጁ ይናገራል?» ሥራውን አልጠየቁ፣ ዘሩን አልጠየቁ። ምክንያት ነበራቸው፤ አሜሪካ እንደ መጡ ፋብሪካ ውስጥ ሌላ ሰው የሰበረውን ማሽን አንተ ነህ ሲሏቸው፣ ኋላ እናገራለሁ ብለው ዝም ብለው፣ ኋላ ሳይመጣ ተባረዋል።

ሽማግሌ የሚሆኑልኝ ጋሼ ተሰማ ናቸው። ቀጠሮው እሁድ ነው። ቅዳሜ እንግዲህ ጨዋታ አለ። አሁን ገባችሁ? ነገ ሚስት ሊለምኑልኝ የሚሄዱትን ሰውዬ ዛሬ በሕግ አምላክ ብዬ ላስቆም!

ቅዳሜ ደረሰ። ቀኝ አዝማች ጎበዜ ያቺን ቀን ካለፉ ፊታውራሪ ናቸው። ሰናይት ማዕረጉን ቀድማ በቀይ እስክሪብቶ ወረቀታቸው ጥግ ላይ ጽፋላቸዋለች። ጭራቁ ወጣ። ጋሼ ተሰማ ዳይሱን ወረወሩና ሳይተነፍሱ ያዙት፦

«ጭራቁም በቁጣ ገንፍሎ ሁለት እጁን አንሥቶ...»

ዳይሱ ይንከባለላል። ሚጥሚጣው ሳህን ጋ ደረሰ፣ ነካው፣ በማዕዘኑ ላይ መሽከርከር ጀመረ። እንዲህ ያለ ዕድል ሰው በዕድሜው አንዴ ነው የሚያገኘው። ይሽከረከራል። እናቴ አዲስ አበባ ሆና በሕግ አምላክ ብትል ይደርስ ነበር። ሰናይት በእግሯ መታችኝ። ተነሣሁ። «በሕ...» ስል ጋሼ ተሰማ በመነጽራቸው ላይ ቀና ብለው አዩኝ። እሁድ ትዝ አለኝ። ግሌንዴል ትዝ አለኝ። ጭኔን ቆረጠመኝ፣ የአባቴ ቁንጥጫ። «እህ» ብዬ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

ዳይሱ ቆመ። ሃያ።

«...የቀኝ አዝማች ጎበዜን ራስ ከአንገታቸው ላይ...»

«በሕግ አምላክ!»

ወጣልኝ! በራሴ ጆሮ ሰማሁት። ጋሼ ተሰማ ቆሙ። ምግብ ቤቱ ቆመ።

«ዳይሱ ቆሟል» አሉ ጋሼ ተሰማ ቀስ ብለው።

«እርስዎ ግን አልጨረሱም! መጽሐፉ የሚለው ጉዳቱ ከመነገሩ በፊት ነው። እርስዎ ከአንገታቸው ላይ አሉ እንጂ ቆረጠው አላሉም። ያልተጨረሰ ቃል አልተነገረም፣ ያልተነገረ ነገር አልተፈረደም። ራሳቸው አሁንም አንገታቸው ላይ ነው!»

«የመጽሐፉን ሕግ በራስህ ማመልከቻ አስሽረሃል። ዳይሱ ሳይቆም ነው የተባለው።»

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት!»

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አሉና «...ቆርጦ ጥሎታልና ይመዝገብ!» ብለው ዓረፍተ ነገሩን ዘጉት። የቀኝ አዝማችን ወረቀት ለሁለት አጥፈው ፊቴ አኖሩት። «ነፍስ ይማር።»

እትዬ በላይነሽ ከምር አለቀሱ። ከወጥ ቤት ንፍሮ ይዘው መጡ፤ የሞተ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይሆንም ብለው። ንፍሮው ለጾም ተቀቅሎ የነበረ ነው። እኔም እፍኜን ሞልቼ ተቀበልኩ። እሁድ አለ።

ሰናይት ወደ መኪናዋ ስትሄድ ሸኘኋት። ተናዳለች፤ ከኔም ብሳ። «ሁለት ሰከንድ ነበረህ! አይቼሃለሁ፣ ልትለው ነበር። ሶ አጎቴ ነገ አይሆንም ቢል እኔም ዝም ብዬ ልሰማ ነው? ላይክ፣ አንተ እህ ልትል ነው?»

መልሱ የመጣልኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ተነሣን። ወጉ ሽማግሌ ሦስት ነው። እሁድ ሥራ የማይገባ ሦስት ሽማግሌ ፌርፋክስ ላይ ማግኘት ደግሞ ዘንዶ ከመግደል ይከብዳል። ሁለተኛው እትዬ በላይነሽ ሆኑ። ሴት ሽማግሌ አትሆንም ሲሏቸው «እዚህ አገር ሴት አውቶቡስ ድራይቭ ታደርጋለች፣ እኔ አንድ ሳሎን ውስጥ መቆም ያቅተኛል?» አሉ። ሦስተኛ ጠፋ። መኪናዋ የእትዬ በላይነሽ ናት፣ በርበሬ በርበሬ የሚሸት ቫን፤ ፍሪዌይ የሚባለውን ፈጣን መንገድ ስለሚፈሩ የምነዳው እኔ ነኝ። አድርሻቸው ውጭ እጠብቃለሁ ተባለ።

አቶ ይልማ በር ላይ ወጥተው ሲቀበሉ መኪና ውስጥ አዩኝ። «እንዴ! ሾፌሩን ፀሐይ ላይ ትታችሁት?» አሉ። ጋሼ ተሰማ «ግድ የለም፣ እሱ እዚያው...» ሲሉ፣ «በሞቴ! ቤቴ ደጅ ሰው ፆሙን ተቀምጦ እኔ ልበላ?» ብለው መጥተው የመኪናውን በር ከፍተው በክንዴ ያዙኝ። የኛ ሰው ደግነት እንዲህ ነው፤ እምቢ የሚሉበት ቀዳዳ የለውም። ጋሼ ተሰማ ዳኛ ናቸው፣ አይዋሹም፤ «ሾፌራችን ነው» ብቻ አሉ። ያሉትም እውነት ነው።

ገባን። ጋሼ ተሰማና እትዬ በላይነሽ እንደ ወጉ ቆሙ፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እኔም ከነሱ ጎን ልቆም ስል አቶ ይልማ ትከሻዬን ተጫኑኝ።

«አንተ ተቀመጥ ልጄ፣ ነገሩ አንተን አይመለከትም።»

ሳህን ሙሉ ምግብ ተሰጠኝ። ሰናይት የእጅ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ ከጓዳ ወጣች፣ አየችኝ። ውሃውን ጫማዬ ላይ ቀዳችው። «ኦ ማይ ጋድ» አለች በሹክሹክታ።

ጋሼ ተሰማ ንግግራቸውን ጀመሩ። ይችሉበታል፤ ይህን እንኳ አልክድም። ሳይተነፍሱ ከአዳም ጀምረው ግሌንዴል ደረሱ። አቶ ይልማ ሰምተው ሰምተው፦

«ልጁ ይናገራል?» አሉ።

«ጨዋ ነው» አሉ ጋሼ ተሰማ።

«ጨዋነቱን አልጠየቅሁም። ይናገራል?»

«አንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቼዋለሁ» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ሊረዱኝ ነው እንግዲህ። እኔ እንጀራ እያላመጥኩ ነው።

አቶ ይልማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጋሼ ተሰማ፣ አክብራችሁ መጥታችኋል፣ እግዜር ያክብራችሁ። እኔ ግን እዚህ አገር ዝም ብዬ የደረሰብኝን አውቃለሁ። ዝም አይነቅዝም የሚባለው አገር ቤት ነው፤ እዚህ ይነቅዛል። የራሱን ያልተናገረ ሰው ለሚስቱ አይናገርም። እንግዲህ ልጄን ለዝምተኛ...»

«በሕግ አምላክ!»

የጋሼ ተሰማ ድምፅ ነው። አቶ ይልማ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ። ሰናይት ማንቆርቆሪያዋን እንደ ያዘች ቀረች። እኔም የጠቀለልኩትን እንጀራ አየር ላይ ይዤ ቀረሁ።

«አቶ ይልማ» አሉ ጋሼ ተሰማ፣ እጃቸውን እንደ ችሎት ዘርግተው፣ «ገና አልጨረሱም። ያልተጨረሰ ቃል አልተነገረም፣ ያልተነገረ ነገር አልተፈረደም!»

ምን?

ምን አሉ?

ጆሮዬ ጮኸ። ትናንት ያልኩት ነው! ቃል በቃል! በዚህ ቃል ነው የቀኝ አዝማች ጎበዜን ራስ ልመልስ ስል ድስት ጥዶ ማልቀስ ያሉኝ! ደሜ ከእግሬ እስከ አናቴ ወጣ። ሚስት ልጠይቅ መምጣቴን ረሳሁ። ሾፌር መሆኔን ረሳሁ። አባቴንም ረሳሁት።

«እንዴት ነው ነገሩ ጋሼ!» ብዬ ተነሣሁ፤ ሳህኑ ምንጣፉ ላይ ሄደ። «ትናንት እኔ ስለው ድንጋይ፣ ዛሬ በእርስዎ አፍ ሲሆን ሕግ? ትናንት አልጨረሱም ስል ምን አሉኝ? ስምንት ወር! ስምንት ወር ደምቶ ያደገ ሰው ከአንገታቸው ላይ ብለው ቆመው ሳለ ቆርጦ ጥሎታልና ብለው ጨረሱበት!»

«ልጄ፣ አሁን...»

«ሲናገሩ ጣልቃ ገብቼብዎት አላውቅም፣ ጣልቃ አይግቡብኝ! ሕጉ የወጣው በኔ ማመልከቻ ነው፣ ፈርሜበታለሁ! እትዬ ማቀዝቀዣ ሥር የገባ ዳይስ አልቆመም ሲሉ ይመዘገባል፣ ሰናይት አንተ ስትል ይሳቃል፣ እኔ ጣቴን ሳወጣ መጸዳጃ ቤቱ በግራ በኩል ነው! ዳኝነት ነው ይሄ? ይህ ዳኝነት ነው?»

ስንት ደቂቃ እንደ ተናገርኩ አላውቅም። አንቀጽ ጠቀስኩ። የፓርኪንጉን አለቃ ሳይቀር ሰደብኩት፤ ለዚያ ቀን ያመለጠኝንም መልስ እዚያው ተናገርኩት። ስጨርስ እጄ ላይ አሁንም የተጠቀለለ እንጀራ ነበር።

አቶ ይልማ ከእትዬ በላይነሽ ወደ እኔ፣ ከኔ ወደ እትዬ በላይነሽ ዓይናቸውን አንከራተቱ። በሕግ አምላክ ተብለዋል፣ አይናገሩም። በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ይህ ማነው?

«ይኸውልዎ» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ «ዝምተኛው።»

ያኔ ነው ያለሁበት ትዝ ያለኝ። ምንጣፉን አየሁ፣ ወጡን አየሁ። ሰናይት በማንቆርቆሪያው ፊቷን ሸፍናለች። ሚስቴን ለአንድ ወረቀት ስል አጣኋት አልኩ በልቤ።

ጋሼ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ይቀጥሉ አቶ ይልማ፣ ፈትቼዎታለሁ» አሉ።

አቶ ይልማ አፋቸውን አንቀሳቀሱ። «ልጄን ለዝምተኛ አልሰጥም ልል ነበር» አሉ። ምንጣፋቸውን አዩ። እንደገና እኔን አዩ። «አልሰጥምም። ይህ ግን ዝምተኛ አይደለም። ተቀመጡ።»

ሽማግሌ ተቀመጡ ከተባለ ነገሩ አልቋል። እትዬ በላይነሽ እልል አሉ። አቶ ይልማ ግን ወደኔ ጠጋ ብለው፣ «ቆይ ልጄ» አሉኝ፣ «ቀኝ አዝማቹ የሞቱት ዳይሱ ከቆመ በኋላ ነው ወይስ በፊት?»

ስንመለስ ቫኗ ውስጥ ጋሼ ተሰማ ከፊት ተቀምጠው ኮሌታቸውን ያስተካክላሉ። «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ። «እንድትናገር ማስቆጣት ያስፈልግህ ነበር። ትናንትም ቢሆን አስቤበት ነው...»

ውሸት ነው! አስበውበት አይደለም። ሃያ ስለ ወጣላቸው ነው። እናንተም እንዳታምኗቸው።

«ደስ ብሎኛል» አልኩ። «በቀኝ አዝማች ጎበዜ ጉዳይ ግን ይግባኝ ብያለሁ። እርስዎ ዛሬ በአቶ ይልማ ቤት በሰጡት ቃል መሠረት ትናንት ያልተጨረሰው ቃል አልተነገረም፤ ስለዚህ አልሞቱም።»

ጋሼ ተሰማ ፈገግ አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ደረታቸውን ሞልተው ትንፋሽ ወሰዱ። ያ ትንፋሽ! ስምንት ወር ሙሉ የጠበቅሁት ትንፋሽ!

«እንግዲህ ልጄ፣ ይግባኝህ...»

«በሕግ አምላክ!» አልኩ።

ቆሙ። አፋቸው እንደ ተከፈተ። ሕጉ የሳቸው ነው፤ ጭራቅም ይሁን ዳኛ፣ ያስቆመው ሰው ቀጥል ብሎ ካልፈታው አይናገርም። እትዬ በላይነሽ ከኋላ ምስክር ናቸው። ከግሌንዴል እስከ ፌርፋክስ ስለ ይግባኙ ቃል አልወጣቸውም። በራቸው ላይ አወረድኳቸው፤ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላምታ ሰጥተውኝ ገቡ። ሕግ አዋቂ ሰው ናቸው፤ ይህን አልክድባቸውም።

ሰርጋችን ላይ መርቀውናል። የልጃችን ክርስትና ላይ በልተዋል። ስለ ሌላው ነገር ሁሉ እናወራለን። አንዳንድ ቅዳሜ ግን፣ እትዬ በላይነሽ ቤት ተቀምጠን፣ ድንገት አፋቸውን ከፈት አድርገው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ሰናይት በእግሯ ትመታኛለች፤ ተው አሁንስ፣ ፍታቸው ማለቷ ነው። ቀኝ አዝማች ጎበዜ ለሁለት እንደ ታጠፉ ኪሴ ውስጥ ናቸው፤ ይግባኝ ላይ ያለ ሰው ሞተ አይባልም። ጋሼ ተሰማ የሚጠብቁት አንድ ቃል ብቻ ነው። ይቀጥሉ እንድላቸው ነው።

አልልም።